ሐምራዊው ጨረባ፦ ከአማዞን ደሴት እስከ ኢሪ ሐይቅ

ጥር ሲገባ፣ የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ገና በበረዶ ተሸፍነው ሳሉ፣ በፍሎሪዳና በሉዊዚያና ባሕር ዳር ሰዎች ቀና እያሉ ሰማዩን መቃኘት ይጀምራሉ። የሚጠብቁት እንግዳ አገሬው ፐርፕል ማርቲን የሚለው ሐምራዊ ጨረባ ነው። ከሰሜን አሜሪካ ጨረባዎች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው፤ ቢሆንም ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከ60 ግራም ብዙም የማያልፍ ወፍ ነው። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ላባው ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል።

የዚህ ወፍ ጉዞ ከውሃ ተነሥቶ ወደ ውሃ ይደርሳል። የሰሜኑን የብርድ ወራት የሚያሳልፈው በደቡብ አሜሪካ፣ በተለይም በአማዞን ተፋሰስ ነው። ቀን ሲያድን ይውልና ሲመሽ በወንዝ መካከል ባሉ ደን የለበሱ ትንንሽ ደሴቶች ላይ በመንጋ ያድራል። ምግቡ እየበረረ የሚይዛቸው ነፍሳት ብቻ ናቸው። ትልልቅ ሐይቆችና ወንዞች ደግሞ ሁለት ነገር ይሰጡታል፦ ከውሃው የሚወጡ ባለ ክንፍ ነፍሳትና ያለ እንቅፋት የሚበርበት ሰፊ ሰማይ።

ጸደዩ ሲቃረብ ወደ ሰሜን ይነሣል። በመካከለኛው አሜሪካ በኩል አልፎ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ይሻገራል ወይም ዳር ዳሩን ይዞ ይዞረዋል። የካቲት ላይ ቴክሳስን ይሞላል፤ መጋቢት ሲያልቅና ሚያዝያ ሲጠባ ኢሪ ሐይቅ ዳር ይታያል፤ ከዚያም በካናዳ እስከ ዊኒፔግ ሐይቅ አካባቢ ይዘልቃል። ቀድመው የሚደርሱት መንገዱን የሚያውቁት ጎልማሶች ናቸው። ባለፈው ዓመት የተፈለፈሉት ሳምንታት ዘግይተው ይከተላሉ።

የፍጥነቱ ነገር የታወቀው በቅርብ ጊዜ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በብሪጅት ስታችበሪ የሚመራ ቡድን፣ በፔንሲልቬኒያ በያዛቸው ወፎች ጀርባ ላይ የብርሃን መጠን እየመዘገበ ያሉበትን ስፍራ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ አሰረ። ከእነርሱ አንዷ ሴት ወደ ብራዚል ለመውረድ 43 ቀን ፈጅቶባት ነበር። በጸደይ ስትመለስ ግን 7,500 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ13 ቀን ጨረሰችው። ቀድሞ የደረሰ የተሻለ መኖሪያ ይይዛልና የመልስ ጉዞ ጥድፊያ አለበት።

ጥድፊያው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ብርድና ዝናብ ለተከታታይ ቀናት ከቆየ ነፍሳት አይበሩም፤ ቀድሞ የመጣውም ወፍ በረሃብ ይሞታል። በእንዲህ ያለ ቀን ወፎቹን የሚወዱ ሰዎች ፌንጣና የበሰለ እንቁላል ፍርፋሪ በማንኪያ ወደ አየር እየወረወሩ ያጎርሷቸዋል።

ይህ ወዳጅነት የቆየ ነው። እንደ ቾክታውና ቺካሶ ያሉ የአገሬው ተወላጆች ቅል ፈልፍለው መንደራቸው አጠገብ ይሰቅሉለት ነበር። ዛሬ በአህጉሩ ምሥራቅ የሚኖረው ሐምራዊ ጨረባ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚራባው ሰው በሰቀለለት ቅል ወይም በሠራለት ቤት ውስጥ ነው። በምዕራብ ያለው ወገኑ ግን አሁንም በአብዛኛው በዛፍ ፍልፍልና በትልልቅ ቁልቋል ውስጥ ጎጆውን ይሠራል። ከአውሮፓ የገቡት የቤት ድንቢጥና ስታርሊንግ የተባለው ወፍ ቤቱን ይቀሙታል፤ እንቁላሉንም ይሰብሩበታል። ጠባቂ የሌለው ቤት ለእርሱ ወጥመድ ነው።

ጫጩቶቹ መብረር ሲችሉ ወፎቹ ወደ ደቡብ ከመነሣታቸው በፊት በሐይቅ ደሴቶችና በድልድይ ሥር በብዙ ሺህ ይሰበሰባሉ። በሉዊዚያና የፖንቻርትሬን ሐይቅ ረጅም ድልድይ ሥር ምሽት ላይ የሚሰማው ጫጫታ እውነተኛ የጨረባ ተስካር ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ሲበተኑ የአየር ጠባይ ራዳር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀለበት ሆነው ይታያሉ።

በዳላስ፣ በሂዩስተን ወይም በቶሮንቶ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ይህ ወፍ በየዓመቱ ከራሳችሁ በላይ ያልፋል። በሐይቅ ወይም በወንዝ ዳር ክፍት ሜዳ ካላችሁ ቅል ስቀሉለት፤ ከሰቀላችሁ ደግሞ ጠብቁት። ቅል መስቀል ቃል መግባት ነው፤ አምኖ የመጣው እንግዳ ሌላ ቤት የለውም።