ካና፦ የማይሸጥ አበባ፣ የሚሸጥ ሥር

እንደሚታወቀው ጽጌረዳ በአውሮፕላን እየተጫነ ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ካና የተባለው አበባ ግን ከአጥር ግቢ አልፎ ቦሌ አይደርስም። አበባው ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ስለሚጠወልግ ለአበባ ማስቀመጫ አይሆንም። ለመሆኑ በኮልፌ ቀራንዮ በመንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች ከዚህ ተክል ምን ሊያገኙ ይችላሉ? መልሱ ያለው ከመሬት በታች ነው።

የካና የትውልድ ቦታ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። ቅጠሉ እንደ ኮባ የሰፋ፣ አበባው ቀይ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ሲሆን፣ በዋናነት የሚራባውም እንደ ዝንጅብል ባለ የመሬት ውስጥ ግንድ ነው። ይህን ግንድ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን እንዲኖረው አድርገው ይከፍሉታል። ከዚያም ፍግ ወይም ብስባሽ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ሰጥተው፣ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ ይተክሉታል። ቦታው ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ይሁን። ለአዲስ አበባ የሚመቸው ወቅት የግንቦት መጨረሻና ሰኔ ነው፤ ክረምቱ ውኃውን በነፃ ያቀርባልና።

አስቸጋሪው በጋው ነው። ካና ውኃ ይወዳል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ለአበባ ጀሪካን ማውጣት ቅንጦት ይመስላል። ይሁን እንጂ የአትክልትና የእህል እጣቢ ይበቃዋል። እንዲያውም በልዩ ልዩ አገሮች ፍሳሽ ለማጣራት በሚሠሩ ረግረጎች ላይ ይተከላል። በረኪና ያለበት ውኃ ግን አይድፉበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቅጠሉን ቢያጠቁረውም ሥሩ ከተረፈ እንደገና ያቆጠቁጣል። አበባውን የጨረሰ ዘንግ ከታች ተቆርጦ ለአዲሱ ቦታ መልቀቅ አለበት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። 10 ቁራጭ የተከለ ሰው እያንዳንዱ በዓመት 4 ይሰጠዋል ብንል፣ በመጀመሪያው ዓመት 40፣ በሁለተኛው 160 ይኖረዋል። ችግሩ ጎረቤቱም ይህንኑ ሒሳብ መሥራቱ ነው። በቀላሉ የሚራባ ነገር አቅርቦቱ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል፤ ተራውን ቀይ ካናማ ጎረቤት በነፃ ይሰጣል። ስለዚህ ሻጭ የሚያተርፈው ከሥሩ ብዛት ሳይሆን ብዙም የማይገኝ ቀለም በመያዝና ተክሉን እንዳበበ ለገበያ በማቅረብ ነው። ዲቃላ ካና ከዘር ሲበቅል እናቱን ላይመስል ስለሚችል፣ ገዢም አበባውን በዓይኑ አይቶ ሥሩን ቢገዛ ይሻለዋል።

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከበሽታ ነው። በተፈጥሮው ሰንበር ያለው ዝርያ ሳይሆን ቅጠሉ ላይ ቢጫ ሰንበር ከታየ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ቫይረስ መድኃኒት የለውም፤ ከሥሩ ጋር አብሮ ይተላለፋል። እንዲህ ያለውን ተክል ነቅሎ ማስወገድ እንጂ ከፍሎ መሸጥም ሆነ መስጠት አይገባም። የመክፈያው ቢላዋም በየመሐሉ በበረኪና ይታጠብ። አለበለዚያ የሁለት ዓመት ልፋት በነፃ በተገኘ አንድ ቁራጭ ሊጠፋ ይችላል።