ከባሕር ዳር የካሴት መደብር እስከ ኢትሃድ ጎዳና፤ የ«ሸሞንሟናዬ» ሁለተኛ ሕይወት

ከአጅማን ወይም ከሻርጃ ተነሥቶ ዱባይ ለሥራ የሚገባ ሰው የኢትሃድን ጎዳና አሳምሮ ያውቀዋል። ማለዳ ላይ መኪናው በመኪና ላይ ተደርድሮ ይሳባል፤ ማታ ደግሞ ያው ሰልፍ ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። የቤት ኪራዩ ረከስ ስለሚል በሻርጃና በአጅማን የሚያድሩ፣ እንጀራቸው ግን ዱባይ የሆነ ብዙዎች ከዕለቱ ሰዓት ላይ ሰፊውን ድርሻ ለዚህ መንገድ ይገብራሉ። ኢትዮጵያውያንም ከእነርሱ መካከል ናቸው። በመኪናው ውስጥ የሚከፈተው ሙዚቃ ለእነርሱ ጊዜ መግፊያ ብቻ ሳይሆን ከአገር ቤት ጋር የሚያገናኝ ክር ነው።

ለዚህ ጎዳና የተሠራ የሚመስል አንድ አልበም አለ። ዘፋኝ የለበትም፤ ግጥምም የለበትም። አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የሙግ ድምፅና አንድ ድራም ማሽን ብቻ ይሰሙበታል። እንደ ጎርጎርሮሳውያን አቆጣጠር በ1985 በካሴት የወጣው ይህ ሥራ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል፤ ባለቤቱም አንጋፋው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። አልበሙ ለረጅም ዓመታት ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ2013 ዳግም ታትሞ ለዓለም ገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ የተለያየ ትውልድ አድማጮች እየተቀባበሉት ነው፤ እያከራከራቸውም ነው።

ከሂልተን እስከ ታክሲ መሪ

አቶ ኃይሉ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልደው ያደጉት በአዲስ አበባ ነው። አኮርዲዮንን በልጅነታቸው በራሳቸው ጥረት ተማሩ፤ ኋላም ወደ ኦርጋን ተሻገሩ። በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ ዋና ምሰሶ ሆነው በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተሰኘው የባንዱ ሸክላ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። በዚሁ ሸክላ ላይ የሚገኘው «ሙዚቃዊ ስልት» ዛሬም በተለያዩ አገሮች ባንዶች ይጫወቱታል።

ዘመኑ ቀላል አልነበረም። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር ለመዝናናት የወጣው ሰው ሌሊቱን እዚያው ሆቴሉ ውስጥ አሳልፎ ሲነጋ ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው፤ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወታል። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ዓይን ይበጠር በነበረበት ወቅት፣ ቃል የሌለበት ሙዚቃ የራሱ የሆነ ነፃነት ነበረው።

ዋልያስ በ1981 ለትርኢት ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ አባላት ከፊሎቹ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ አቶ ኃይሉን ጨምሮ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። «ሸሞንሟናዬ» የተቀረጸው ከዚያ በኋላ፣ በስደት አገር፣ በአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሙዚቀኛው ብቻቸውን ሆነው አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረቡ ሠሩት። ዓላማቸው ኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲመጣ ቦታውን የለቀቀውን አኮርዲዮን፣ የአባቶችን ዘመን ድምፅ፣ በአዲሱ መሣሪያ መካከል መልሶ ማስቀመጥ ነበር። ካሴቱ በአገር ቤት ተሠራጨ፤ ጊዜው ሲያልፍ ግን እንደ ብዙዎቹ ካሴቶች ከመደርደሪያ ወረደ።

ባለቤቱም ከመድረክ ራቁ። በዋሽንግተን አቅራቢያ በሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ አሽከርካሪ ሆኑ። ይሁን እንጂ ሙዚቃን ጨርሰው አልተዉም፤ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ ከመኪናቸው የዕቃ ማስቀመጫ አነስተኛ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር በተለያየ ጊዜ ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል።

ካሴቱ እንዴት ተገኘ?

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለው አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ የሚያስተዋውቅ ሰው ነው። ወደ ኢትዮጵያ በተጓዘበት ወቅት በባሕር ዳር ከተማ ከአንድ የካሴት መደብር ይህን ሥራ አገኘ። ባለቤቱን አፈላልጎ በስልክ አነጋገራቸው፤ ፈቃዳቸውን አግኝቶም ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተሰኘው ድርጅቱ አማካይነት በ2013 አሳተመው። «ቼ በለው» በ2014፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠሩት «ወደ ሐረር ጉዞ» ደግሞ በ2016 ተከተሉ። የታክሲው አሽከርካሪ ዳግመኛ ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን በአዲስ ሥራነት አበረከቱ።

ይህ ታሪክ ብቻውን የቆመ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ኅትመት የአምሃ ሬከርድስና የካይፋ ሬከርድስ ዘመን ሥራዎችን ለዓለም አድርሷል። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልም ውስጥ መሰማቱም ለብዙ ባዕዳን አድማጮች በር ከፍቷል።

የአድማጩ ሁለት ልብ

ዳግም የታተመ አልበም ሁሌም ሁለት ዓይነት አድማጭ ያጋጥመዋል፤ የሚያስታውሰውና ገና የሚተዋወቀው። በእድሜ ገፋ ያሉት ኢትዮጵያውያን በአኮርዲዮኑ ውስጥ የሚሰሙት የወጣትነት ዘመናቸውን ነው። «አምባሰል» ሲጀምር ወሎ፣ «ሽለላ» ሲከተል የሠርግ ቤት ድንኳን ፊታቸው ላይ ይደቀናል። ከእነርሱ መካከል ግን በድራም ማሽኑ ቅር የሚሰኙ አሉ። የዋልያስን ሙሉ ባንድ የሰማ ጆሮ፣ ያ ሁሉ ከበሮና ነሐስ በአንድ ማሽን ሲተካ አንድ ነገር እንደጎደለበት ይሰማዋል።

ወጣቶቹ ደግሞ ድራም ማሽኑን ራሱን ይወዱታል። ከዘመናዊው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር የሚያዛምዳቸው እርሱ ነው። የወላጆቻቸውን ቅኝት በራሳቸው ዘመን ድምፅ የሰሙ ይመስላቸዋል።

የሦስተኛው ወገን አድማጭ አማርኛ የማያውቀው ነው። በሻርጃና በአጅማን ከኢትዮጵያውያን ጋር ጎረቤት ሆነው ከሚኖሩት መካከል ሱዳናውያን ይገኙበታል። የሁለቱም አገር ሙዚቃ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ቃል የሌለው ዜማ ያለ አስተርጓሚ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሻገራል። በዱባይ ሸክላ የሚሰበስቡ የሌላ አገር ዜጎችም የኢትዮጵያን የ1970ዎቹ ሥራዎች ይፈልጋሉ።

የድምፅ ጥራት ጉዳይ ሌላው መነጋገሪያ ነው። የካሴቱ ሹክሹክታ ይጥራ ወይስ ይቆይ? ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን አውሮፓ፣ በተለይም በኖርዌይ፣ በ1990ዎቹ የተስፋፋው ብላክ ሜታል የተሰኘው ጨለምተኛ የሮክ ዘውግ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወሩ ካሴቶች ነበር የተሠራጨው። የዳርክስሮን ባንድ «ትራንሲልቫኒያን ሀንገር» የተሰኘው የ1994 አልበም በቤት ውስጥ ባለ አራት ትራክ መቅጃ የተሠራ ነው። እንዲህ ያሉ አልበሞች ዳግም ሲታተሙ የዘውጉ ወዳጆች ሻካራው ድምፅ ከተስተካከለ ነፍሱ ይወጣል ብለው ይሟገታሉ። የሁለቱ ሙዚቃዎች መንፈስ እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፤ አድማጭ የሚወደው ዜማውን ብቻ ነው ወይስ ዜማው የመጣበትን ካሴት ጭምር?

ለምን ባዕድ አገኘው?

ከሁሉም በላይ የሚቆረቁረው ጥያቄ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በመደብር የነበረን ካሴት እኛ አልፈነው ስንሄድ ባዕድ ለምን አነሣው? ቁጭቱ ተገቢ ነው። ሆኖም የካሴቱ ዘመን ነጋዴ ሥራውን ባያከማች ኖሮ፣ አድማጩም ባይገዛው ኖሮ፣ ተጓዡ የሚያገኘው ነገር አይኖርም ነበር። በሌላ በኩል አብዛኛው ሥራ ያለፈቃድ እየተባዛ ሙዚቀኛው ምንም ሳያገኝ መቅረቱ የታወቀ ነው። የ«ሸሞንሟናዬ» ዳግም ኅትመት ያስተማረው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱ ተፈለጉ፣ ተጠየቁ፣ ከዚያ በኋላ ሥራው ታተመ። ገንዘቡም ክብሩም ለባለቤቱ የሚደርሰው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለረጅም ዓመታት የኖሩ ወገኖች ይህን ጉዳይ ሩቅ አድርገው ሊያዩት አይገባም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከአገር ቤት ሲመጡ ከበርበሬና ከቡና ጋር ካሴት በሻንጣ ይዘው የገቡ ጥቂት አይደሉም። ከእነዚያ መካከል አንዳንዱ ዛሬ በአዲስ አበባም የማይገኝ ሊሆን ይችላል። የበጋው ሙቀት ከ45 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ አገር ደግሞ በመኪና ውስጥ ወይም በሰገነት ላይ የተተወ ካሴት ይጣመማል፤ ድምፁም ይበላሻል። ጥላና ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ ይሻል፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ዲጂታል መገልበጥም ይገባል። የዘፋኙና የሙዚቀኛው ስም፣ የወጣበት ዓመትና ያሳተመው ቤት በሽፋኑ ላይ ካሉ አብረው ይመዝገቡ፤ ባለመብቱን ነገ የሚፈልግ ሰው የሚነሣው ከእነርሱ ነውና።

ማታ በኢትሃድ ጎዳና ወደ አጅማን የሚመለሰው አሽከርካሪ አኮርዲዮኑን ሲሰማ፣ ያንን ዜማ የሠሩት ሰው ራሳቸው በባዕድ አገር ታክሲ ሲያሽከረክሩ ብዙ ዓመት እንደቆዩ ቢያስብ ደግ ነው። የፊት ለፊቱ ቀይ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ አንድ ዘፈን ያልቃል፤ ሌላውም ይጀምራል።