ሲሙሌተሩ የሬዲዮ ሞገድ አይፈልግም፦ ሪሞትን ከኮምፒውተር ስለማገናኘት ተረትና እውነታ

ሪሞቱ ከአውሮፕላኑ ጋር የሚነጋገረው በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ሞገዱን የሚቀበለው አውሮፕላኑ ላይ ያለው ሪሲቨር ነው። ከኮምፒውተር ጋር ለመነጋገር ግን ሞገድ የግድ አያሻውም። ይህ ባለመታወቁ ብዙ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ ይገዛል፣ ደህናውን ገመድ ይጥላል፣ ምንም ያላጠፋውን ሶፍትዌር ደጋግሞ አጥፍቶ ይጭናል።

የሞዴል አውሮፕላን ሲሙሌተሮቹ ሪያልፍላይትና ፒካሲም፣ የድሮኖቹ ሊፍትኦፍና ቬሎሲድሮን ከአብራሪው የሚጠብቁት ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ስቲክ ሥር ሴንሰር አለ። ስቲኩ የቆመበትን ቦታ የሪሞቱ ፕሮሰሰር ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ቻናል ነው። አራቱ ዋና ዋናዎቹ ኤለሮን፣ ኤሌቬተር፣ ትሮትልና ረደር ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች በአንቴና ከመውጣታቸው በፊት እዚያው ሪሞቱ ውስጥ ተዘጋጅተው አሉ፤ ገመድ የሚቀዳቸውም ከዚያ ነው።

«ሪሲቨር ከሌለ ሲሙሌተር የለም»

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ተረት ይህ ነው። እንደ ሬዲዮማስተርና ጃምፐር ያሉ ኤጅቲኤክስ የተባለው ሶፍትዌር የተጫነባቸው ሪሞቶች በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ ምን ሆነው መቅረብ እንዳለባቸው ራሳቸው ይጠይቃሉ። ከምርጫዎቹ «ጆይስቲክ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ድራይቨር ሳይጠይቅ ሪሞቱን እንደ ማንኛውም የጨዋታ መቆጣጠሪያ ያውቀዋል። ሪሲቨር የለም፣ አንቴና የለም፣ ዶንግል የለም።

ዩኤስቢ የሌላቸው የቆዩ ሪሞቶችም ቢሆኑ አብዛኞቹ የትሬነር ሶኬት አላቸው። ሶኬቱ የተሠራው የአሠልጣኝንና የተማሪን ሪሞት በገመድ ለማያያዝ ሲሆን፣ የሚያወጣው ፒፒኤም የተባለውን ምልክት ነው። በብዙ ጀማሪዎች እጅ የሚገኘው ፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6 ከጀርባው ያለችው ክብ ሶኬት ይህችው ናት። ለዚህ ሶኬት የተሠራ የዩኤስቢ ገመድ በርካሽ ይሸጣል።

ታዲያ ሪሲቨር ጥቅም የለውም ማለት ነው? አለው። ገመድ የሚያስጠላው ሰው አለ፤ የትሬነር ሶኬቱ የተበላሸበትም አለ። እንዲህ ላለው ሪሲቨሩ ራሱ ከኮምፒውተሩ ጎን ይቀመጥና የተቀበለውን ቁጥር በዩኤስቢ ያቀብላል። ስፔክትረም ለዚሁ ሥራ ደብሊውኤስ2000 የምትባል ትንሽ ዶንግል አለችው። ኤክስፕረስኤልአርኤስ በተባለው ፕሮቶኮል ከሚሠሩት የማስተላለፊያ ሞጁሎች ብዙዎቹ ደግሞ በሜኑ ታዝዘው ወደ ብሉቱዝ ጆይስቲክ ይለወጣሉ፤ በዚያን ጊዜ ሪሲቨሩም ከነገሩ ይወጣል። ቤታፍላይት የተባለው ሶፍትዌር የተጫነባቸው አንዳንድ የድሮን ቦርዶችም በዩኤስቢ ሲሰኩ ራሳቸውን እንደ ጆይስቲክ ማቅረብ ይችላሉ። ይህን የሚሞክር ሰው የድሮኑን ፕሮፔለሮች ቢፈታ ይሻለዋል።

የሪሲቨሩን ምልክት ወደ ጆይስቲክ የሚለውጥ ዕቃ በእጁ መሥራት የሚወድ ሰው አርዱይኖ ከተባለው ቦርድ ላይ ይደርሳል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስቸግረው የቦርዱ ዓይነት ነው። ሊዮናርዶና ፕሮ ማይክሮ ኤትሜጋ32ዩ4 በተባለው ቺፕ ስለሚሠሩ በቀጥታ ጆይስቲክ መምሰል ይችላሉ። በየሱቁ የሚገኘው የቀድሞው ኡኖ ግን የዩኤስቢ ቺፑ ፕሮግራም ካልተቀየረ በስተቀር ይህን አይችልም። ቀጥሎ የሚመጣው የሪሲቨሩ ምልክት ነው። ሪሲቨሩ ላይ የተደረደሩት የሰርቮ ፒኖች እያንዳንዳቸው አንድ ቻናል ብቻ ይዘዋል፤ ሁሉንም ቻናል በአንድ ሽቦ የሚያወጣ ፒፒኤም ወይም ኤስባስ ያለው ሪሲቨር ቢፈለግ ሥራው ይቀላል። ኤስባስ 16 ቻናል በአንድ ሽቦ በሴኮንድ በ100,000 ቢት ፍጥነት ይልካል፤ ነገር ግን ምልክቱ ከተለመደው ሲሪያል አንጻር የተገለበጠ ነው። አንድ ትራንዚስተር በመሐል ገብቶ ካላቃናው አርዱይኖው የሚያነበው ትርጉም የለሽ ነገር ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ፒፒኤም ይሻላል።

«ሁለቱም 2.4 ጊጋኸርዝ ስለሆኑ ይገናኛሉ»

ሪሞቱና ሪሲቨሩ በዚህ ብቻ አይገናኙም። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚነግረን የሞገዱን ክልል እንጂ በውስጡ የሚነገረውን ቋንቋ አይደለም። የፍላይስካይ፣ የስፔክትረም፣ የፉታባና የፍራስካይ ፕሮቶኮሎች የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱ ሪሲቨር የሌላውን ሪሞት አይሰማም። ከአንድ ኩባንያ የወጡ ሁለት ዕቃዎች እንኳ የተለያየ ፕሮቶኮል ሊኖራቸው ይችላል። ፕሮቶኮሉ ቢገጥምም ሁለቱ መጀመሪያ ባይንድ መደረግ፣ ማለትም እርስ በርስ መጣመር፣ አለባቸው።

«የዩኤስቢ ገመድ ሁሉ አንድ ነው»

የተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ገመድ በውስጡ አራት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለዳታ። ቻርጅ ለማድረግ ብቻ ከሚሠሩት ርካሽ ገመዶች አንዳንዶቹ ዳታዎቹን አልያዙም። ሪሞቱ ቻርጅ ያደርጋል፣ መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አንዳች ነገር እንደተሰካበት አያውቅም። ሬዲዮማስተር ቲኤክስ16ኤስ ላይ ደግሞ ሁለት የዩኤስቢ-ሲ ሶኬቶች አሉ፤ የታችኛው ለቻርጅ፣ የላይኛው ለዳታ። ታች ሰክቶ «ተበላሽቷል» የሚል ሰው ብዙ ነው።

ሲሙሌተሩን ከመውቀስ በፊት የዊንዶውስን የጨዋታ መቆጣጠሪያዎች መስኮት ከፍቶ ስቲኮቹን ማንቀሳቀስ ይበቃል። እዚያ ምልክቶቹ ከተንቀሳቀሱ ገመዱና ሪሞቱ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው ሲሙሌተሩ ውስጥ ነው። ካልተንቀሳቀሱ ሲሙሌተሩን እንደገና መጫን ከንቱ ድካም ነው።

«ማይክሮፎን ሶኬት ላይ ሪሞት መሰካት ቀልድ ነው»

ቀልድ አይደለም፤ ሳውንድ ካርድ ለዓመታት የድሃው ሞዴል አብራሪ መንገድ ሆኖ አገልግሏል። ፒፒኤም ተከታታይ የኤሌክትሪክ ምት ነው። የእያንዳንዱ ቻናል ዋጋ ከአንድ ምት እስከ ቀጣዩ ባለው ጊዜ ይለካል፦ 1,000 ማይክሮ ሴኮንድ አንዱ ጫፍ፣ 1,500 መሐል፣ 2,000 ሌላው ጫፍ። ስምንቱ ቻናሎች በተለምዶ በየ22.5 ሚሊ ሴኮንዱ አንድ ዙር ይጨርሳሉ። ሳውንድ ካርዱ ይህን እንደ ድምፅ ይቀዳዋል፤ ስማርትፕሮፖፕላስ የተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ደግሞ ምቶቹን ለክቶ ለሲሙሌተሩ ምናባዊ ጆይስቲክ አድርጎ ያቀርባቸዋል።

ይሁንና «እንደ ዩኤስቢው ነው» የሚሉትም ተሳስተዋል። ሳውንድ ካርድ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ሲለካ፣ በሁለት ልኬት መካከል ወደ 23 ማይክሮ ሴኮንድ ገደማ ያልፋል። ስቲኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት 1,000 ማይክሮ ሴኮንድ ነው። ሶፍትዌሩ በስሌት ካላለሳለሰው በስተቀር ይህ ርቀት 44 ደረጃ ብቻ ይኖረዋል፤ ስቲኩን በዝግታ ሲገፉት አውሮፕላኑ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እየዘለለ ይታጠፋል። 192,000 ጊዜ የሚለካ ካርድ ላይ ደረጃዎቹ ወደ 190 ይደርሳሉ፤ ያ ለልምምድ ይበቃል።

ሌሎች መሰናክሎችም አሉ። ዊንዶውስ ለሰው ድምፅ ብሎ የሚያበራቸው የጩኸትና የማሚቶ ማጥፊያዎች ምቶቹን እንደ ጩኸት ቆጥረው ይበሏቸዋል፤ መጥፋት አለባቸው። የማይክሮፎን ሶኬት የለመደው እጅግ ደካማ ምልክት ስለሆነ፣ በቮልት የሚቆጠረውን የትሬነር ሶኬት ምልክት በሬዚስተር ሳይቀንሱ መሰካት አይገባም፤ ተረቱ ውስጥ ያለችው እውነት ይህች ናት፦ ካርዱ ሊጎዳ ይችላል። የዛሬ ላፕቶፖች ደግሞ የጆሮ ማዳመጫና የማይክሮፎን ሶኬታቸው አንድ ነው፤ ተራው ባለሦስት ንክኪ መሰኪያ ማይክሮፎኑ ጋር አይደርስም፤ መከፋፈያ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ሳስበው፣ ዛሬ ላይ አንድ ፕሮ ማይክሮ ማግኘት የሚችል ሰው በሳውንድ ካርዱ የሚደክምበት ምክንያት አይታየኝም።

«የሚዘገየው በገመዱ ምክንያት ነው»

ፒፒኤም በየ22.5 ሚሊ ሴኮንዱ ይታደሳል፤ ዩኤስቢ ጆይስቲክ ከዚያ እጅግ ይፈጥናል። ስቲኩ ከተገፋ በኋላ ምስሉ ጎልቶ ከዘገየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስክሪኑ ነው፤ በተለይ ትልቅ ቴሌቪዥን ከሆነ። ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር የሚያቆየው ጊዜ ከገመዱ ይበልጣል። «ጌም ሞድ» የሚለውን አብርተው ይሞክሩ።

«ካሊብሬሽን ሁሉን ያስተካክላል»

ካሊብሬሽን የሚያስተካክለው የስቲኩን ጫፎችና መሐል ብቻ ነው። ትሮትል ሲሰጡ አውሮፕላኑ ከተጋደመ ጉዳዩ የቻናል ቅደም ተከተል ነው። ፉታባ ኤለሮንን ያስቀድምና ኤሌቬተር፣ ትሮትል፣ ረደር እያለ ይቀጥላል፤ ስፔክትረምና ጄአር ከትሮትል ይጀምራሉ። ለአንዱ የተዘጋጀ ሲሙሌተር የሌላውን ሪሞት ሲቀበል ቻናሎቹ ይቀያየራሉ። መፍትሔው ሲሙሌተሩ ውስጥ እያንዳንዱን ቻናል በየቦታው መመደብ ነው፤ አሥር ጊዜ ካሊብሬት ቢያደርጉ አይለወጥም። ሞድ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ሞድ 2 ላይ ትሮትሉ በግራ እጅ፣ ሞድ 1 ላይ በቀኝ እጅ ነው፤ ሲሙሌተሩ የሚለማመዱበትን ሞድ እንጂ ሻጩ የወደደውን መከተል የለበትም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ስሕተት አውሮፕላን ያስሰብራል። ሲሙሌተሩ ላይ ኤለሮኑ ተገልብጦ ሲያዩት ብዙዎች ሪሞቱ ውስጥ፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ሜሞሪ ላይ ይገለብጡታል። ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉ ነገር ተስተካከለ። በሳምንቱ ሜዳ ላይ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ወደ ግራ ሲያዘነብል አብራሪው ወደ ቀኝ ይገፋል፣ አውሮፕላኑ ይብስ ወደ ግራ ይሄዳል። ስለዚህ ሪሞቱ ውስጥ «ሲም» የሚባል አዲስ የሞዴል ሜሞሪ ይክፈቱ፤ ሚክስ (ቻናልን ከቻናል ማቀላቀያ) የሌለው፣ ኤክስፖ (ስቲኩን መሐሉ አካባቢ የሚያለዝብ ቅንብር) የሌለው፣ ትሪሙ መሐል ላይ ያለ። ኤክስፖውን ሪሞቱም ላይ ሲሙሌተሩም ላይ ካደረጉት ይደራረባል፤ ስቲኩ መሐል ላይ የሞተ ይመስላል።

በዚህ ሜሞሪ ላይ የሬዲዮ ማስተላለፊያውን ማጥፋት ደግሞ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ከጎን ጠረጴዛው ላይ ባትሪው የተሰካ እውነተኛ አውሮፕላን ካለ፣ ሲሙሌተሩ ላይ የሰጡት ሙሉ ትሮትል እዚያም ሊደርስ ይችላል። ባትሪም ይቆጥባል።

«ሲሙሌተር ላይ ያበረረ ሜዳ ላይ ያበራል»

ግማሹ እውነት ነው። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው አውሮፕላኑ ወደ ራሱ ሲመጣ ግራና ቀኙ መገላበጡ ነው፤ ይህን ደጋግሞ ማለማመድ ሲሙሌተር በሚገባ ይችላል። በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትና ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ስለሚያስፈልግ፣ ሲሙሌተር ለብዙ ወጣት ፈቃዱን እስኪያገኝ እጁን የሚያፍታታበት ብቸኛ ሜዳ ነው።

የማይነገረው የአየሩ ነገር ነው። የአዲስ አበባው ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ላይ የአየር ጥግግት በመደበኛ ስሌት የባሕር ወለሉ 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ወደ 12 በመቶ ገደማ መፍጠን አለበት፤ ፕሮፔለሩም በዚያው የዙር ፍጥነት የሚሰጠው ግፊት በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። በባሕር ወለል አየር ላይ ዝግ ብሎ ማረፍን የለመደ እጅ አዲስ አበባ ላይ በዚያው ፍጥነት ሲያዘገይ አውሮፕላኑ ሜዳው ጋር ሳይደርስ ይወድቃል።

ሲሙሌተርዎ የሜዳውን ከፍታ ማስተካከል ከፈቀደ 2,300 ሜትር ይስጡት። ካልፈቀደና የአውሮፕላኑን ክብደት መለወጥ ከቻሉ አንድ አራተኛ ይጨምሩበት፤ 1,000 ግራም የነበረውን 1,250 ያድርጉት። የማረፊያ ፍጥነቱም፣ የግፊቱና የክብደቱ ንጽጽርም በአዲስ አበባ አየር ላይ ወደሚሆነው በጣም ይቀርባል።