የፓርቲ አባል መሆን በቀበሌያችን ጉዳይ ቃላችንን ያሰማልን?

በዛሬው ዝግጅታችን በየቤቱ፣ በየገበያውና ከሶላት በኋላ በመስጂድ ደጃፍ የሚነሳ አንድ ጥያቄ እንመለከታለን። የፓርቲ አባል ብንሆን በወረዳችንና በቀበሌያችን ጉዳይ ቃላችን ይሰማልን?

ጥያቄው የሥልጣን ወሬ አይደለም። በራያ ቆላ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዋጃ ለሚኖር ገበሬ የውሃ ጉድጓድ የት ይቆፈር፣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ማን ማሽላ ይጠለፍ፣ ማዳበሪያ ለማን ይድረስ የሚለው ሁሉ የኑሮ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ማንም ሰው በፍላጎቱ የፖለቲካ ድርጅት አባል የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አባልነት እንግዲህ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም። አባል ያልሆነውም የቀበሌው ባለቤት ነው።

ተግባሩስ? ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ኢሕአዴግ ከ1 ሚሊዮን በታች የነበሩትን አባላቱን በ2000 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ አደረሳቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 መቀመጫ ነበረው። በመላ ሀገሪቱ ከነበረው ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ከጥቂቶች በቀር ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። የአባልነት ካርድ ብቻውን ተሰሚነት ቢሰጥ ኖሮ የገጠሩ ሕዝብ ያኔ በተሰማ ነበር። ይሁን እንጂ ድርጅቱ በዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ይመራ ስለነበር ከላይ የተወሰነው ታች ይፈጸም ነበር። «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀትም ይበልጡን መመሪያ ማውረጃ ሆነ።

ካርዱ ጥቅም አልነበረውም ማለታችን አይደለም። ሂውማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ማዳበሪያ፣ ብድርና የእርዳታ እህል ከፓርቲ ድጋፍ ጋር ይያያዝ እንደነበር ገልጿል፤ መንግሥት በበኩሉ አስተባብሏል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን፣ ጥቅም ማግኘትና ቃል መሰማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ለማዳበሪያ ሲል የገባ ሰው ማዳበሪያውን እንዳያጣ ሲል ዝም ይላል።

ዋጃና አካባቢዋም ምስክር ናቸው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በትግራይ ክልል ሥር ቆይተው በ2013 ዓ.ም. በተነሳው ጦርነት በአማራ ክልል አስተዳደር ሥር ገቡ። የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት አወዛጋቢ አካባቢዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈቱ ቢልም ውዝግቡ ቀጠለ። በእነዚህ ለውጦች ሁሉ ነዋሪው የየትኛውንም ፓርቲ ካርድ ቢይዝ በድምፁ እንዲወስን አልተጠየቀም። ለወረዳና ለቀበሌ ምክር ቤቶች የሚደረገው ምርጫም ከ2005 ዓ.ም. በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ሳይካሄድ ቆይቷል። ምርጫ በሌለበት እጩ መጠቆም የሚባለው የአባልነት ዋና ፍሬ አይገኝም።

ታዲያ አንግባ ማለት ነውን? አይደለም። የሚገባ ሰው ግን አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ በአካባቢያችን የሚቀርበውን እጩ እኛ አባላቱ በምስጢር ድምፅ እንመርጣለንን? ሁለተኛ፣ በስብሰባ ላይ «ይህ ውሳኔ ትክክል አይደለም» ያለ አባል በሰላም ይቀጥላልን? ሦስተኛ፣ የቀበሌው ሰብሳቢ ተጠያቂነቱ ለነዋሪው ነው ወይስ ለሾመው? መልሱ አዎንታ ከሆነ አባልነት በር ይከፍታል። ካልሆነ ካርዱ የኪስ ወረቀት ነው።

ሌላም በር አለ። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ሰው በግል እንዲወዳደር ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ለማንሳት መብት ሰጥቶታል። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር፣ እድር፣ በራያ የዘወልድ ሽማግሌዎች፣ በወሎ አበጋሮች ያለ ምንም የፓርቲ ካርድ ይሰማሉ፤ ኃይላቸው ሕዝቡ ስላመናቸው ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ በሹራ፣ በመመካከር ስም መጠራቱን እናስታውስ። አባል የሆነ የጎረቤቱን ችግር ወደ ስብሰባው ይውሰድ፤ ያልሆነም ከቀበሌ ስብሰባ አይቅር። ቃላችን አማና ነውና በማዳበሪያ አንለውጠው። አላህ ለሀገራችን ሰላምን ይስጥልን። አሚን።