ያልተጠየቀው ካርድ

በአማራ ክልል እንደምትገኘው ጫግኒ ባለ ከተማ ላፕቶፕ የሚፈልግ ሰው፣ ከካርቶን ከወጣ አዲስ ይልቅ ከውጭ ተገልግሎበት የመጣ ዴል ወይም ኤችፒ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ስለ ራሙ፣ ስለ ሃርድ ዲስኩ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ሻጩን ይጠይቃል። ግራፊክስ ካርዱ የማን ሥሪት እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠይቅም። ዊንዶውስ ለሚጠቀም ይህ ብዙ አይጎዳም። ሊኑክስ ልጫን ያለ ዕለት ግን ያ ያልተጠየቀ ጥያቄ ጥቁር ስክሪን ሆኖ ይመጣል። የሊኑክስ ግራፊክስ ችግር በአብዛኛው የሚጀምረው ከመጫኑ ቀን ሳይሆን ከግዢው ቀን ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ድራይቨር ማለት የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም ነው። ጉዳዩ ፕሮግራሙን ማን ጻፈው፣ ኮዱስ ለሁሉም ክፍት ነው ወይ የሚለው ነው። ኢንቴል የራሱን ድራይቨር በክፍት ኮድ ከከርነሉ ጋር ስላዋሃደ፣ የኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲጫንበት ብዙውን ጊዜ ምንም ማውረድ ሳያስፈልገው ይሠራል። ኤኤምዲ ወደዚሁ መንገድ የገባው ዘግይቶ ነው። የግራፊክስ ካርድ ሠሪውን ኤቲአይን እ.አ.አ. በ2006 ገዛ፤ በ2007 የካርዶቹን ሰነድ ለክፍት ድራይቨር ጸሐፊዎች እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ በ2015 ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው አዲስ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ገባ። በዓመቱ የወጣው ኡቡንቱ 16.04 አሮጌውንና ዝጉን የኤኤምዲ ድራይቨር ጭራሽ አስወጣው።

ትልቁ ራስ ምታት ኢንቪዲያ ነው። ኩባንያው ኮዱን ለዓመታት ዘግቶ ስለያዘ፣ በጎ ፈቃደኞች የካርዱን ጠባይ እያጠኑ ኑቮ የተባለ ክፍት ድራይቨር ጻፉ፤ እሱም በ2010 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ነገር ግን ከ2014 ወዲህ የመጡት ካርዶች በኩባንያው ፊርማ የታተመ ፈርምዌር (የካርዱ ውስጣዊ ፕሮግራም) ስለሚጠይቁ፣ ኑቮ ፍጥነታቸውን ከፍ ማድረግ ለዓመታት ተሳነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2012 በፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ኢንቪዲያን በአደባባይ የተሳደበው በዚሁ ዝግነቱ ተማሮ ነበር። ኩባንያው የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ኮድ በክፍት የለቀቀው በ2022 ሲሆን፣ የሚያገለግለውም ከ2018 ወዲህ ለወጡት ካርዶች ነው። ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛው ሰው ይህ ዜና ብዙ አይጠቅመውም። እንዲያውም የኢንቪዲያን የጂፎርስ 8ንና 9ን ትውልድ የሚያሠራው የ340 ድራይቨር ድጋፍ በ2019 መጨረሻ፣ የሚቀጥለው የ390 ደግሞ በ2022 መጨረሻ ቆሟል። ካርዱ ደኅና ሆኖ ድራይቨሩ ያረጀበት ማሽን በርካሽ ሲቀርብ መጠርጠር ይገባል።

ችግሩ ከመጣ በኋላ ዋናው ነገር ምልክቱን ማንበብ ነው። ማሽኑ ተነሥቶ ወዲያው ስክሪኑ ከጠቆረ፣ ከርነሉ ካርዱን ማዘዝ ሲጀምር ተደነቃቅፏል ማለት ነው። በመነሻው ዝርዝር ላይ ኖሞድሴት የተባለችውን ትእዛዝ መጨመር ለጊዜው ያስገባል፤ ዓላማዋ ገብቶ ትክክለኛውን ድራይቨር ለመጫን እንጂ በሷው ለመኖር አይደለም። ስክሪኑ በርቶ ምስሉ ከተንቀራፈፈ፣ ጽሑፉ ከገዘፈና ማራገቢያው ከጮኸ፣ ካርዱ ተኝቶ ሥዕሉን ሁሉ ፕሮሰሰሩ እየሣለ ይሆናል። ትናንት ሲሠራ የነበረው ከአፕዴት በኋላ እምቢ ካለ ደግሞ፣ ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል በትክክል አልተገነባም ብሎ መጀመር ያዋጣል። ከዝርዝሩ አሮጌውን ከርነል መርጦ መግባት ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ሥራን የሚያድን ዘዴ ነው። መብራት በአፕዴት መሃል ከሄደም እንዲሁ ዓይነት ጣጣ ይከተላል፤ ያኔ በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች ማስጨረስ ይቀድማል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ አፕዴት አለመጀመርም ጥገና ነው።

ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ ብዙዎችን ያሳስታል። ይህ ጥበቃ ሲበራ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር ከርነሉ አያስገባም። ስለዚህ ኡቡንቱ እንዲህ ያለ ድራይቨር ሲጭን የይለፍ ቃል አስይዞ፣ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ በሰማያዊ ገጽ ላይ ያንኑ ይጠይቃል። ሰው ገጹን ሳያነብ ካለፈው ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም።

ሁለት ካርድ፣ ማለትም ኢንቴልና ኢንቪዲያ፣ ያላቸው ላፕቶፖች የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። በአንዳንዶቹ የኤችዲኤምአይ መውጫው በቀጥታ የተያያዘው ከኢንቪዲያው ጋር ነው፤ ስለዚህ የላፕቶፑ ስክሪን በኢንቴል አማካይነት ደኅና እየሠራ ፕሮጀክተሩ ባዶ ይሆናል። ተማሪዎች ተቀምጠው እየጠበቁ ገመዱን ደጋግሞ የሚነቅልና የሚሰካ መምህር ጥፋቱ የገመዱ እንዳልሆነ ቢያውቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

አብዛኛው መፍትሔ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ እዚህ የሚያመው ይህ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በመቶ ሜጋባይቶች የሚቆጠር ድራይቨር ማውረድ የማይታሰብ ነበር። በዚህ ረገድ ከኡቡንቱ 19.10 ጀምሮ የኢንቪዲያ ድራይቨር በመጫኛው ፋይል ውስጥ አብሮ መምጣቱ ትልቅ ውለታ ነው። መጫኛውን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላይ በፍላሽ ይዞ የመጣ ሰው ኔትወርክ በሌለበትም ሊጭን ይችላል።

ያው ፍላሽ ለግዢውም ያገለግላል። ምንም ሳይጫን ማሽኑን ከፍላሹ አስነሥቶ ኡቡንቱን መሞከር ይቻላል። የትኛው ካርድ በየትኛው ድራይቨር እንደሚሠራ በተርሚናል ይታያል። ክዳኑን ዘግቶ መክፈት፣ ስክሪኑ ተመልሶ መምጣቱን ማየት፣ ከሱቁ ቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ማገናኘት፤ ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ብሩን ኪስ ውስጥ ማቆየት ይሻላል።