በስተርጅና የሚጣመም አከርካሪ

ስኮሊዮሲስ፣ ማለትም የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም፣ የልጆችና የጎረምሶች ችግር ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ 75 ፈቃደኞችን መርምሮ፣ በ68 በመቶዎቹ ላይ አከርካሪው ወደ ጎን ተጣሞ አግኝቷል።

በአረጋውያን ዘንድ መነሻው ብዙውን ጊዜ በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ዲስኮችና መገጣጠሚያዎች በአንድ ወገን ይበልጥ ማለቃቸው ነው። የሕመሙ ብርታት ግን ከጥመቱ መጠን ጋር ሁልጊዜ አይመጣጠንም። ብዙዎችን የሚያሠቃየው የነርቭ መተላለፊያው መጥበብ ነው፤ ሲቆሙና ሲሄዱ እግራቸውን ያማቸዋል፣ ሲቀመጡ ወይም ከዘራቸው ላይ ጎንበስ ሲሉ ይቀላቸዋል።

ሕክምናው አጥንቱን ለማቅናት አይጣደፍም። በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የተመረጠ የጀርባና የሆድ ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና የእግር ጉዞ ይቀድማሉ። የወገብ ቀበቶ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ሲዘወተር ግን ጡንቻን ያሰንፋል።

ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ እንደ ከረሜላ እየገዙ መዋጥ ለአረጋውያን አደገኛ ነው፦ ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ የደም ግፊትንም ሊጨምር ይችላል። ቀዶ ሕክምና የጥቂቶች ዕጣ ነው።

እግር እየዛለ ከሄደ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።