ስለ አሮጌ መኪና ዝገትና ስለ አወጋገዱ

ለእርሻ ሥራ ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ መኪና ነው። ዘሩን ወደ ገጠር የሚያደርሰው፤ እህሉንም ወደ ገበያ የሚያወጣው እርሱ ነውና ኀላፊው ሊያስብለት ይገባል። ሞተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ አካሉን ዝገት በልቶት ከሥራ የሚወጣ መኪና ብዙ ነው።

ዝገት ብረት ከውሃና ከአየር ጋራ ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ስፍራ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያነሣዋል። ጨውና ማዳበሪያ እርጥበት ስለሚስቡ ጥፋቱን ያፋጥኑታል። ስለዚህ በዝገት ላይ ቀለም መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ መሸፈን ነው።

ለምሳሌ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 መሠራት የጀመረው የቀድሞው ላንድሮቨር የውጭ አካሉ አብዛኛው አሉሚኒየም ስለ ሆነ ቀይ ዝገት አያሳይም። ተሸካሚው ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ ውስጡም ክፍት ስለ ሆነ ጭቃና ውሃ ተጠራቅሞበት ከውስጥ ይበላል። እንግዲህ በውጭ መልኩ መታለል አይገባም። መርማሪው ከሥር ገብቶ ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ይምታው፤ ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ድምፁ የታፈነ ነው፤ ይሰረጉዳልም።

የሥራውም ሥርዓት ይህ ነው።

አንደኛ፤ ጭቃው ታጥቦ መኪናው ፈጽሞ ይድረቅ።

ሁለተኛ፤ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፋቅ። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ሊኖር ስለሚችል ቀለሙ በውሃ እየራሰ ይፋቅ፤ ሠራተኛውም የአቧራ መከላከያ ጭንብል ያድርግ።

ሦስተኛ፤ ትንንሽ የብረት ዕቃዎች በአቼቶ አንድ ቀን ተነክረው ይቦረሹ፤ ታጥበውና ደርቀው ዘይት ይቀቡ። ባሌስትራና ጠንካራ ቡሎን ግን አይነከሩ፤ አሲድ ተሰባሪ ሊያደርጋቸው ይችላልና።

አራተኛ፤ የተፋቀው ብረት ሳያድር አንቲራስት ይቀባ፤ ሲደርቅም ቀለሙ ይከተል።

ሻንሲው ተበስቶ እንደ ሆነ በስቱኮ መድፈን ክልክል ሊሆን ይገባዋል። የተበላው ተቆርጦ በወፍራም ላሜራ በባለሙያ ይበየድ፤ አስቀድሞም የነዳጁ ጋንና ባትሪው ይውረዱ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ በግንቦት ወር መኪናዎቹ ተመርምረው ውጤቱ በመዝገብ ይጻፍ። በጭነቱ ላይ የሚሳፈረው ገበሬ ሻንሲውን ጐንበስ ብሎ አያይም፤ ማየት የሚገባው መኪናውን በፊርማው የተረከበ ሹም ነው።